ተማሪዎችን የት እንውሰድ? የጎንደር ቅርሶች ለትምህርት ቤት ጉብኝት ሲወዳደሩ

ጥቅምት ሲገባ በየትምህርት ቤቱ የታሪክ ክበብ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ዘንድሮ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» መልሱ ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ይቀድማል፤ ፋሲል ግቢ! ሌላ ቦታ የሚያነሳ የለም። አለበለዚያ ደግሞ አንዱ «ለምን ሁሉንም አናሳያቸውም?» ይልና ግቢውን፣ መዋኛውን፣ ሥላሴንና ቁስቋምን በአንድ ቀን የሚያስሮጥ ፕሮግራም ይወጣል። ርዕሰ መምህሩ ስለ ገንዘቡ ይጠይቃል። ወላጅ ስለ ደህንነቱ ይጠይቃል። «ልጆቹ ምን ይዘው ይመለሳሉ?» የሚል ግን እምብዛም አይገኝም።

ጎንደር ላይ የቦታ ችግር የለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብቻውን አልነበረም። መዋኛው፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ ከከተማው ራቅ ብለው ያሉት ጎርጎራና ጉዛራም አብረውት ገብተዋል። ችግሩ መምረጡ ላይ ነው። ሁሉም ጥሩ ነው ከተባለ መምረጥ አይቻልም። ሁሉም ለሁሉም ክፍል ጥሩ አይደለምና እዚህ ላይ እንለያቸው።

ዓመተ ምሕረቶቹን ከዚህ በኋላም በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፋቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምታስተምሩ ከሆነ 7 ወይም 8 ቀንሱ።

መጀመሪያ መመዘኛው

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄው ነው። ልጆቹ ምን ጥያቄ ይዘው ይሂዱ? «ታሪካቸውን እንዲያውቁ» የሚለው ለሪፖርት ይሆናል እንጂ ቦታ ለመምረጥ አይረዳም። «ነገሥታቱ ለምን ቤታቸውን ጎን ለጎን ሠሩ?» የሚል ጥያቄ ወደ አንድ ቦታ ይመራል። «ይህ ሁሉ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ እንዴት ቆመ?»፣ «ውሃው ከየት ይመጣል?»፣ «ሠዓሊው ክፉውን ሰው ከደጉ በምን ለየው?» የሚሉት ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይመራሉ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ያዙ። ጥያቄው ከተያዘ ግማሹ ምርጫ አለቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ብዛትና ዕድሜ ነው። ስድሳ ልጅ ያለው ክፍል ፋሲል ግቢ ውስጥ ይበተናል እንጂ አይጨናነቅም። ያው ክፍል ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልግባ ቢል ግን ከኋላ ያለው ምንም አያይም፣ ምንም አይሰማም። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ፍርስራሽ አይመለከትም። ትኩረቱ ወደ ምሳ ዕቃው ይሄዳል፤ አይፈረድበትም።

ሦስተኛው መንገድና ሰዓት ነው። በእግር የሚደረስ ነው ወይስ መኪና ይፈልጋል? ከከተማ የሚያስወጣ ከሆነ የመንገዱ ጸጥታ በዚያ ሳምንት እንዴት ነው? ባለፉት ዓመታት ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ሆኗል። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ቢያምርም የመንገዱን ሁኔታ ከሚመለከተው አካልና ከሹፌሮች ሳያጣሩ ልጆችን አሳፍሮ መውጣት አይገባም።

ወጪው አራተኛ ነው። ሰው ሁሉ ስለ መግቢያ ትኬት ይጨነቃል፤ ለአገር ውስጥ ተማሪ ግን ትኬቱ ትንሹ ወጪ ነው። ኪስ የሚጎዳው ቅጥቅጡ ነው። ከዚያ የአስጎብኚው ክፍያ፣ ውሃው፣ ዳቦው ይከተላል። መዋጮ ሲጠየቅ ዝም የሚል ልጅ በየክፍሉ እንዳለም አትርሱ። እሱን ቤት የሚያስቀር ጉብኝት ከሆነ ቅርብና ነጻ የሆነው ይሻላል።

አምስተኛው ደህንነት ነው። ገደል፣ ባዶ ገንዳ፣ መደገፊያ የሌለው ደረጃ፣ ሊናድ የሚችል ግንብ የቱ ጋ እንዳለ አንድ መምህር ቀድሞ ሄዶ ይይ። ለትንንሾቹ አንድ መምህር ለአሥር ልጅ፣ ለትልልቆቹ አንድ ለአሥራ አምስት ቢሆን እመርጣለሁ። ይህ የራሴ ልክ ነው።

የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የማይነሳው የእምነት ጉዳይ ነው። ከእነዚህ ቅርሶች ሁለቱ ዛሬም የሚቀደስባቸው አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ጎንደር ውስጥ ግን ሙስሊም ልጅ የሌለበት ክፍል ማግኘት ይከብዳል። ወላጅ ሳያውቅ ልጁን ቤተ ክርስቲያን ማስገባትም፣ «አንተ ውጭ ቆይ» ማለትም ልክ አይደለም። ቦታው ሲመረጥ ይህ አብሮ ይታሰብ።

ፋሲል ግቢ

ከስሙ ብዛት የተነሳ አይታሰብበትም እንጂ ለትምህርት በጣም የሚመች ነገር አለው፤ የአንድ ቤተሰብ ግቢ ነው። አፄ ፋሲለደስ (1632–1667) መጀመሪያ ሠሩ። ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ (1667–1682) ቤተ መጻሕፍት የሚባለውን ጨመሩ። የልጅ ልጃቸው ቀዳማዊ ኢያሱ (1682–1706) የራሳቸውን ቤተ መንግሥት አቆሙ። ከኢያሱ ልጆች ዳዊት የሙዚቃ አዳራሹን፣ በካፋ (1721–1730) ረጅሙን የግብር አዳራሽ አሠሩ። የበካፋ ሚስት እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን ሕንፃ አከሉበት። ስለዚህ ልጆቹ የግቢውን ካርታ ሲሥሉ ሳያውቁት የዘር ሐረግ እየሣሉ ነው። እኔ ብሆን ለሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከዚህ የተሻለ የክፍል ሥራ አላዘጋጅም። አንድ ባዶ የዘር ሐረግ ወረቀት ስጧቸው፣ ቤቱን ከሰዉ ጋር ያገናኙ።

ሁለተኛው ጥቅሙ ጉዳቱ ራሱ ነው። የኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያ የለውም። አንዱ ምክንያት በ1704 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሌላው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ ነው። ጣሊያን ጎንደርን ዋና ምሽጉ አድርጎት ስለነበር ከተማዋ ተደብድባለች፤ ጣሊያን እጁን የሰጠውም እዚሁ፣ በኅዳር 1941 ነው። አንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ታሪክ ማለት ነው። ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል «ይህን ቤት ማን አፈረሰው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ከልጆቹ ግማሹ «ጊዜ ነው» ይላል። እዚያ ላይ ጀምሩ።

ለሳይንስ መምህርም ይሆናል። ግንቡ በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ምን ይሆናል፣ ከውሃ ጋር ሲቀላቀልስ፣ ከዚያ አየር ሲያገኘው ለምን ይጠነክራል የሚለው በክፍል ውስጥ ቀመር ብቻ ነው። እዚህ እጅ የሚነካው ነገር ነው። በእርግጥ ግድግዳውን መፋቅ የለባቸውም፤ ይህን በር ላይ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ንገሯቸው።

ችግሩስ? ግቢው ሰፊ ነው፤ ሰባ ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ነው። ልጅ ይጠፋል። ፀሐይ ላይ ብዙ መቆም አለ። የፋሲል ቤተ መንግሥት ደረጃዎች ላይ ሃምሳ ልጅ አንድ ላይ ሲወጣ የሚፈጠረውን ግፊያ መገመት ነው። በቡድን ከፋፍሎ ማስገባት ግዴታ ነው። በቅርብ ዓመታት ሰፊ እድሳት ስለተካሄደበት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ እንደተቀየረ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ያረጀ ማስታወሻ ይዞ መሄድ ያሳፍራል።

ለአንደኛ ደረጃ ትንንሾች ሙሉውን ግቢ አታዙሩ። የፋሲል ቤተ መንግሥትን ከውጭና ከውስጥ፣ ከዚያ አንበሶቹ ይኖሩበት የነበረውን ቤት፤ በቃ። የአንበሳው ቤት ለእነሱ ከነገሥታቱ ሁሉ ይበልጣል።

የፋሲል መዋኛ

የከተማው ሰው ጥምቀተ ባሕር ይለዋል። ከፒያሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለትልልቆቹ በእግር ይደረሳል፤ ለትንንሾቹ ባጃጅ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል።

ጥንካሬው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ትልቅ ገንዳ አለ፣ መሃሉ ላይ አንድ ሕንፃ አለ፣ ዙሪያውን አጥር አለ። ልጅ አይደናገርም። ታሪኩም አጭር ነው፤ ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይመጣል፣ ለጥምቀት ይሞላል፣ በጥር 11 ሕዝቡ ይጠመቅበታል። የኢትዮጵያ ጥምቀት በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ «የሚዳሰስና የማይዳሰስ ቅርስ» የሚለውን ርዕስ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አገር ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ድንጋዩ አንደኛው፣ በዓሉ ሁለተኛው፤ ሁለቱም እዚያው ናቸው።

የዋርካዎቹ ሥር ግንቡን አቅፎ የያዘበት ቦታ ደግሞ ለሥዕልና ለባዮሎጂ መምህር የተዘጋጀ ይመስላል። ዛፉ ግንቡን ያፈርሰዋል ወይስ ደግፎ ይዞታል? ልጆቹ ይከራከሩ። መልሱን ቶሎ አትስጡ።

ሰፊ ሜዳና ጥላ አለ። ምሳ የሚበላበት ቦታ ለማግኘት ፋሲል ግቢ ውስጥ የሚታየው ጭንቀት እዚህ የለም። ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ የሆነውም ለዚህ ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ገንዳው ነው። አብዛኛውን ዓመት ባዶ ነው፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ጥልቀቱ ያስፈራል። ልጆች ጠርዙ ላይ እንዳይሮጡ ሁለት መምህር እዚያው ይቁም። ሲሞላም ያው ነው። በጥምቀት ሰሞን መውሰድ ያጓጓል፤ ዝግጅቱን፣ የእንጨት መድረኩን፣ ውሃው ሲገባ ማየት ጥሩ ነው። ግን ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ቀን በፊት ከተማዋ እንግዳ ይሞላታል። የአንድ ክፍል ልጅ ያን ጊዜ ይዞ መውጣት ልጅ ማጣት ነው። ከጥምቀት በፊት የምትሄዱ ከሆነ ከታኅሣሥ አጋማሽ አታሳልፉት።

ትኬቱን በተመለከተ፣ የግቢው ትኬት መዋኛውን ጨምሮ የሚያገለግልበት አሠራር የተለመደ ስለሆነ በር ላይ ሁለተኛ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ቀዳማዊ ኢያሱ የተከሉት ደብር ነው። ደርቡሾች በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአብዛኞቹ የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት በተለየ ተርፏል። ንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል። ልጆች ይህን ታሪክ ይወዱታል። በታሪክ መምህር ዓይን ደግሞ «ይባላል» እና «ተጽፏል» የሚለውን ልዩነት ለማስተማር የሚያመች ነው።

ሥላሴን ሌላው ሁሉ የማይተካው በሥዕሉ ነው። ጣሪያው በሙሉ የኪሩቤል ፊት ነው። ስንት እንደሆኑ አስጎብኚዎች የተለያየ ቁጥር ይነግሯችኋል፤ ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩ። ግድግዳው ላይ ደግሞ የድሮ ሠዓሊ አንድ ሕግ አለ፤ ደጉ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ነግራችሁ «አሁን ፈልጉ» በሏቸው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጸጥ ይላሉ። አንድ ቡድን ልጅ ሃያ ደቂቃ ጸጥ ማለቱን መምህር የሆነ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ቅጥሩም ትምህርት ነው፤ ዙሪያው ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ግንቦች የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል።

አሁን ወደ ችግሩ። ብዙ ልጅ አንድ ጊዜ አያስገባም። ከሃያ አምስት በላይ ከሆናችሁ ሁለት ዙር አድርጉት፤ አንዱ ቡድን ውስጥ ሲሆን ሌላው ቅጥሩን ይሣል። ጫማ ይወልቃል። የፎቶ ብልጭታ ክልክል ነው። ሴቶችና ወንዶች የሚገቡበት በር ይለያያል። በልማዱ መሠረት ያን ቀን ወደ ውስጥ የማትገባ ልጃገረድ ልትኖር ትችላለች። ምክንያቷን ማንም እንዳይጠይቃት፣ ውጭ ሆና የምትሠራው ሥራም ለሁሉም የተሰጠ እንዲመስል አድርጋችሁ አዘጋጁ። ይህን የምትይዘው ሴት መምህር ብትሆን ይመረጣል።

ቅይጥ ክፍል ከሆነ ደግሞ መምህሩ ቀድሞ ብቻውን ሄዶ ግድግዳውን ይይ። አንዳንዶቹ ሥዕሎች በዘመኑ በነበረው የሃይማኖት ፉክክር መንፈስ የተሣሉ ናቸው። ያለ ዝግጅት ልጆች ፊት ከተገለጡ ክፍል ውስጥ ቅሬታ ይፈጥራሉ። አስጎብኚውን ቀድማችሁ አነጋግሩት፤ የትኛው ላይ እንደሚቆም፣ የትኛውን እንደሚያልፍ ተስማሙ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ወር በገባ በ7 የሥላሴ ቀን ስለሆነ አትሂዱ፤ ጥር 7ና ሐምሌ 7 ጭራሽ አይታሰብም። በሁዳዴ የሥራ ቀናት ቅዳሴ ከእኩለ ቀን በኋላ ስለሚሆን ጉብኝቱን ጠዋት ጨርሱ። ከደብሩ አስተዳደር ጋር በደብዳቤ ቀድሞ መነጋገር ብዙ ነገር ያቀላል።

ቁስቋም

እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ፣ በኋላም ለልጅ ልጃቸው ለኢዮአስ መንግሥቱን ይዘው ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ተራራው ሥር፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምንና አጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥት ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ግን ግድግዳው ላይ በቀላ ያለ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎችና ምስሎች አሉ። ፋሲል ግቢን ያየ ልጅ ልዩነቱን ወዲያው ይይዛል።

ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህን ቦታ ከሥላሴም አስበልጠዋለሁ። ብዙ ሰው ስለማይሄድ ጸጥታ አለ። «ሴት መሪ» የሚለው ርዕስ በመጽሐፍ ላይ አንድ አንቀጽ ነው፤ እዚህ ግን ቤቷ፣ ቤተ ክርስቲያኗ፣ መቃብሯም ጭምር አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ እዚህ ግቢ ውስጥ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችን አክሟል። ይህን ይዞ ስለ ክትባት ታሪክ ማውራት የሚፈልግ የባዮሎጂ መምህር አይጠፋም።

ለትንንሽ ልጆች ግን አልመክረውም። ፍርስራሹ ላይ የሚወጣ ልጅ ለመጠበቅ ያስቸግራል። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ መታየቱም የሰባት ዓመት ልጅ ማታ እንዳይተኛ ያደርጋል። መንገዱ ዳገት ነው፤ ከፒያሳ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መኪና ያስፈልጋል። ኅዳር 6 የቁስቋም ንግሥ ስለሆነ ያን ሳምንት ተዉት።

ጎርጎራና ጉዛራ

ከከተማ መውጣት የሚችል ትምህርት ቤት ካለ ትልቁን ጥያቄ የሚመልሱት እነዚህ ናቸው። «ግንብ መሥራት የተጀመረው በፋሲል ነው» የሚለውን አብዛኛው ተማሪ አምኖ ይዞታል። በባሕር ዳር መንገድ እንፍራንዝ አካባቢ ኮረብታ ላይ ያለው ጉዛራ ግን ለአፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) የሚሰጥ ነው። ጎንደር ከተማ ከመቆርቆሯ በፊት ማለት ነው። የፋሲል አባት አፄ ሱስንዮስ (1607–1632) ደግሞ ጣና ዳር፣ አሮጌው ጎርጎራ ላይ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር የተያያዘ ሕንፃ ትተዋል። ሁለቱን ያየ ተማሪ ፋሲል ግቢን ሲያይ ከባዶ እንዳልተነሳ ይገባዋል።

ሁለቱም ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ ይርቃሉ፤ አቅጣጫቸው ደግሞ ይለያያል። ወደ ጎርጎራ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጭዋሂት ነው የሚኬደው። በአንድ ቀን ሁለቱን ማሰብ የለም። ወደ አሮጌው ጎርጎራ ለመድረስ ጀልባ ወይም ረጅም የእግር መንገድ አለ። የሕይወት ጃኬት በልጆቹ ቁጥር ልክ ካላያችሁ ጀልባውን ተዉት፤ ጎርጎራ ከተማ ውስጥ ያለችውን፣ በግድግዳ ሥዕሏ የታወቀችውን ደብረ ሲና ማርያምን አይታችሁ ተመለሱ። ከባሕር ዳር በኩል ወደ ጎንደር ለሚመጣ ትምህርት ቤት ጉዛራ መንገድ ላይ ስለሆነ ተጨማሪ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ከጎንደር ለሚነሳ ግን መኪናው ብቻውን የዓመቱን የክበብ በጀት ሊበላው ይችላል። ስለ መንገዱ ጸጥታ ከላይ ያልኩት እዚህ ላይ በእጥፍ ይሠራል።

ያለ ገንዘብ የሚሆነው

ምንም በጀት የሌለው ትምህርት ቤት ጉብኝት አይቀርበትም። የፋሲል ግቢ ግንብ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፤ አሥራ ሁለት በር አለው። ፊት በር (ጃን ተከል በር)፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ አደናግር በር፣ ተዝካሮ በር… እያንዳንዱ ስም ማን በየት እንደሚገባ የሚናገር ነው። ሦስተኛና አራተኛ ክፍልን ጃን ተከል ዋርካ ሥር ሰብስቦ፣ ከውጭ በኩል በሮቹን እየቆጠሩ መዞር የሁለት ሰዓት ጥሩ ትምህርት ነው። ከዚያ ፒያሳ ወርዶ የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎችን ማየት ይቻላል። ክብ ጥግና ሰፊ መስኮት ያላቸውን ከግንቡ ጋር ሲያወዳድሩ ልጆቹ ራሳቸው ዘመን መለየት ይጀምራሉ።

የመኪና መንገድ ስለሆነ አሻጋሪ መምህር ከፊትና ከኋላ ያስፈልጋል። ሌላ ወጪ የለም።

ከከተማው በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ወለቃም ትታሰብ። ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረች መንደር ናት። የሸክላ ሥራው አሁንም አለ። ለጂኦግራፊና ለሥነ ዜጋ፣ ስለ ፍልሰት ለማስተማር ከግንቦቹ ትሻላለች። ለግማሽ ቀን ይበቃል።

በአጭሩ ሲታይ

| ቦታ | የሚስማማው ክፍል | ከፒያሳ | የሚበቃው ጊዜ | ወጪ | ዋናው ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፋሲል ግቢ | ከ7ኛ በላይ፤ ለትንንሾቹ በከፊል | በእግር | 3 ሰዓት | መካከለኛ | መበታተን፣ ደረጃ፣ ፀሐይ |
| የፋሲል መዋኛ | ከ1ኛ እስከ 6ኛ | 2 ኪ.ሜ. ያህል | 2 ሰዓት | ዝቅተኛ | የገንዳው ጠርዝ |
| ደብረ ብርሃን ሥላሴ | ከ5ኛ በላይ፣ በትንሽ ቡድን | በእግር ወይም በባጃጅ | 1 ሰዓት ተኩል | ዝቅተኛ | የቅዳሴ ሰዓት፣ የእምነት ጉዳይ |
| ቁስቋም | ከ9ኛ በላይ | 4 ኪ.ሜ. ያህል፣ ዳገት | 2 ሰዓት | መካከለኛ | ፍርስራሹ ላይ መውጣት |
| ጎርጎራ ወይም ጉዛራ | ከ9ኛ በላይ | 60 ኪ.ሜ. ያህልና በላይ | ሙሉ ቀን | ከፍተኛ | መንገድ፣ ጀልባ |
| የበሮቹ ዙሪያና ፒያሳ | ከ3ኛ እስከ 6ኛ | እዚያው | 2 ሰዓት | የለም | መኪና |

ታዲያ የቱን?

መዋጮ የማይሰበሰብበት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ከሆናችሁ የበሮቹን ዙሪያ ያዙ፤ ትንሽ ገንዘብ ከተገኘ መዋኛውን ጨምሩበት። ሁለቱን በተለያየ ቀን አድርጉት።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ይዛችሁ አንድ ጉብኝት ብቻ የሚፈቀድላችሁ ከሆነ ፋሲል ግቢ ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ግቢውን ብቻ። «መንገድ ላይ ስለሆነ መዋኛውንም» የሚለው ፈተና ይመጣል። ከሦስት ሰዓት መዞር በኋላ ልጁ የሚያየው ነገር የለም፤ ትኬቱ እንዳይባክን ብላችሁ ከሆነ በዚያው ትኬት ልጆቹን በሌላ ቀን መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ዘጠነኛና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ግቢውን ደግሞ ቀድመው ያዩት ከሆነ፣ ጠዋት ሥላሴ፣ ከሰዓት ቁስቋም አብሮ ይሄዳል። አንዱ ሥዕል፣ ሌላው ፖለቲካ ነው፤ አይደራረቡም። አንድ ቅጥቅጥ ለአንድ ቀን ይበቃል። የእምነት ጥያቄው የሚከብድ ከሆነ ሥላሴን በራስ ግንብ፣ ከተማው ውስጥ ባለው ሌላ ግንብ፣ ተኩት። ቁስቋምም ላይ የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽ ብቻ ማየት ይቻላል።

ጥሩ በጀት ያለው የግል ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ ወደ ጎርጎራ ያስባል፤ ሐይቁ ስላለ። ሐይቁ ጥሩ ነው፣ ግን የታሪክ ጉብኝት ብላችሁ ከወላጅ ገንዘብ ከሰበሰባችሁ በኋላ ልጁ ስለ ዋና ብቻ ሲያወራ ቤቱ ይገባል። ጥያቄያችሁ ከፋሲል በፊት ስለነበረው የግንብ ሥራ ካልሆነ ገንዘቡን ለጥሩ አስጎብኚና ለሁለት የከተማ ጉብኝት አውሉት።

ከሌላ ከተማ ለምትመጡት ሁለት ቀን ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ግቢው፣ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሥላሴ፣ ከዚያ መዋኛው ላይ ምሳ በልቶ መመለስ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ጥቅምትና ኅዳር፣ ከዚያ ደግሞ የካቲትና መጋቢት የተሻሉ ናቸው። ጥር ፈተናና ጥምቀት ይደራረቡበታል። ሰኔ ሲገባ ድንጋዩ ያዳልጣል።

የትብብር ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ይዘጋጅ፤ የተማሪ ዋጋና መግቢያ የሚቀለው በእሱ ነው። የወላጅ ፈቃድ ወረቀት ላይ ቦታው በስም ይጻፍ፤ «ታሪካዊ ቦታ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ቤተ ክርስቲያን ካለበት ቤተ ክርስቲያን እንዳለበት ይጻፍ።

ከአስጎብኚው ጋር ዋጋውን በር ላይ ሳይሆን ከዋዜማው ተነጋገሩ፤ የስንተኛ ክፍል ልጆች እንደሆኑም ንገሩት። ካልተነገረው ለቱሪስት የሚለውን ይላል፤ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት በአንድ ትንፋሽ። ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ቆሞ እንዲያስረዳ፣ ሌላውን ልጆቹ እንዲጠይቁ አስማሙት። አስጎብኚ መክፈል ካልተቻለ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቱሪዝም ተማሪዎች ፈቃደኛ መጠየቅ አይከፋም።

ውሃ ለየልጁ፣ ኮፍያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን። ሽንት ቤት የት እንዳለ ቀድሞ የሄደው መምህር ይወቅ፤ ይህን የሚንቅ ሰው የአርባ ልጅ ክፍል ይዞ ወጥቶ አያውቅም። የስም ዝርዝሩ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከመምህሩ ጋር ይሂድ፣ አንዱ ከወላጆች ስልክ ጋር ትምህርት ቤት ይቅር። ቆጠራው ሲነሱ፣ በር ላይ ሲገቡ፣ ሲወጡና መኪና ላይ ሲሳፈሩ ይደረግ።